በዓይኔ በብረቱ

አምስት ዓመቴ ላይ፣ በጥምቀት ቀን ጠፍቻለሁ። ቦታው ፋሲለደስ መዋኛ ነው፤ የዛፉ ሥር ግንቡን ያቀፈበት ጥግ። ውኃው ተባርኮ ጎረምሶቹ መዝለል ሲጀምሩ ሕዝቡ ወደ ፊት ገፋ። የእናቴ ነጠላ ጫፍ ከእጄ አመለጠ። አለቀስኩ። አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ፣ ሸንኮራ ገዙልኝ፣ እስከ በሩ ድረስ ወሰዱኝ። የጋቢያቸው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። እጣንና የእንጨት ጭስ።

ይህን ታሪክ ዕድሜዬን ሙሉ ሳወራው ኖሬያለሁ። ለጓደኛ፣ ለባለቤቴ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ እንግዳ ሁሉ። ባለፈው ጥር ግን ቡና ላይ ስደግመው እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ ትኩር ብላ አየችኝ።

«አንተማ ያን ዓመት ኩፍኝ ይዞህ ቤት ነበርክ። የጠፋችው እህትህ ናት።»

እህቴን አየኋት። ራሷን ነቀነቀች። «ሸንኮራ የሚባል ነገርም አልነበረም» አለች። «ይዞኝ የሄደውም ሽማግሌ አይደለም፣ ጎረምሳ ነው።»

ተከራከርኩ። እናቴ ምንም ሳትመልስ ተነሥታ ከሻንጣዋ አንድ ፎቶ አወጣች። ጥምቀት ላይ የሚዞር ፎቶ አንሺ ያነሳቸው ነው። እሷና እህቴ ብቻ። የእህቴ ዓይን በለቅሶ አብጧል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ጥር 11 ቀን 1984» ይላል። እኔ የለሁም።

እንግዲህ ውሸታም አይደለሁም። ግን ያልደረሰብኝን ነገር ደርሶብኛል ብዬ፣ ከነሽታው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዤው ዞሬያለሁ። ሐሰተኛ ትዝታ የሚባለው ይህ ነው። ከውሸት የሚለየው ተናጋሪው ራሱ ከልቡ የሚያምነው መሆኑ ነው። የስነ ልቦና ሰዎች ደጋግመው ያጠኑት አንድ ነገር ደግሞ አለ። እንዲህ ያለ ትዝታ ሲፈጠር ስሜት፣ ማለትም ፍርሃት፣ ድንጋጤ፣ ሐዘን፣ ደስታም ቢሆን፣ እጁን ያስገባል። እኛ የምናስበው ግን ተቃራኒውን ነው። ልብ የነካ ነገር አይረሳም እንላለን። ግማሹ እውነት ነው። ጉዱ ያለው ሌላው ግማሽ ላይ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ጨዋታ። የሚከተሉትን ቃላት አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብላችሁ አንብቡና እለፉ። ተመልሳችሁ እንዳታዩ።

መርዶ፣ ለቅሶ፣ ድንኳን፣ ሬሳ፣ ሙሾ፣ ሳጥን፣ ፍትሐት፣ መቃብር፣ ዕድር፣ እዝን፣ ከል፣ ተዝካር።

ኋላ እጠይቃችኋለሁ።

ብዙዎቻችን ትዝታን እንደ ስልክ ቪዲዮ ነው የምናስበው። ተቀርጾ ተቀምጧል፣ ስንፈልግ እንከፍተዋለን። አይደለም። ለእኔ የሚቀርበው ምሳሌ የትናንት ወጥ ነው። ባሞቅነው ቁጥር ጠብ የምናደርግበት ውኃ አለ፣ ጨው አለ፣ አንዳንዴ ከሌላ ድስት የተረፈ ነገር አለ። አምስት ጊዜ የሞቀ ወጥ መጀመሪያ የተሠራው ወጥ አይደለም። የሚበላው ሰው ግን ያው ወጥ ነው የሚመስለው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች ለባህላቸው እንግዳ የሆነ ተረት አንብበው መልሰው ሲጽፉት እንግዳውን ነገር ሳያውቁት በሚያውቁት እየተኩ እንደሚሄዱ አሳይቷል። ታንኳው ጀልባ ሆነ፣ የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ። በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ አንድ ሙከራ ሠሩ። አይጧ አንድ ድምፅ ስትሰማ እንድትፈራ ተለማመደች። ከዚያ ፍርሃቱን እንድታስታውስ ተደርጎ ወዲያው አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት አንጎሏ ውስጥ ተሰጣት። ፍርሃቱ ጠፋ። ሳታስታውስ መድኃኒቱን የወሰደችው ግን ፍርሃቷ እንዳለ ቀረ። ማስታወስ ራሱ ትዝታውን ለጊዜው ያላላዋል ማለት ነው። ላልቶ እንደገና ሲረጋ ሌላ ነገር ሊቀላቀልበት ይችላል። አይጥ ሰው አይደለችም፣ እሱን አልዘነጋሁም። የድስቱ ነገር ግን ያስኬዳል።

ስሜት የት ይገባል? አንጎላችን ውስጥ ለውዝ የሚያክል አሚግዳላ የሚባል ክፍል አለ። አጠገቡ ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ አዲስ ትዝታ የሚመዘግበው አለ። ስንደነግጥ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ አሚግዳላው ይነሣል፣ ጎረቤቱንም «ይህችን አጥብቀህ ያዝ!» ይለዋል። ለዚህ ነው የዛሬ ሦስት ዓመት ማክሰኞ ምሳ ምን እንደበላችሁ የማታስታውሱት፣ ውሻ የነከሳችሁን ቀን ግን የምታስታውሱት። ይህ ጠቃሚ ነገር ነው። ጅብ ያየበትን መንገድ የሚረሳ ሰው ብዙ አይኖርም።

ችግሩ አሚግዳላው ሁሉንም ያዝ አይልም። የሚያስፈራውን ያዝ ነው የሚለው። በ1987 እ.ኤ.አ. በተደረገ አንድ ጥናት ተሳታፊዎች ሁለት ዓይነት ምስል አዩ። በአንዱ ደንበኛው ለገንዘብ ተቀባይዋ ቼክ ያቀርባል፣ በሌላው ሽጉጥ ይደቅንባታል። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲለካ፣ ሽጉጡ ያለበትን ያዩት ዓይናቸው ሽጉጡ ላይ ተተክሎ ተገኘ። የሰውዬውን ፊት በደንብ ያዩት ቼኩን ያዩት ናቸው።

እኔም አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ባጃጅ አንድ ልጅ ሲገጭ አይቻለሁ። ልጁ ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እስከ ዛሬ የሚታየኝ አንዲት ሰማያዊ ላስቲክ ጫማ ናት፤ አስፋልቱ መሀል ተገልብጣ የቀረች። ሹፌሩ ፂም ነበረው? ባጃጁ ውስጥ ሰው ነበረ? ዝናብ ዘንቦ ነበር? ምንም። ትራፊክ ፖሊሱ ሲመጣ ግን ከቆምነው አምስት ሰዎች ውስጥ አንዳችንም «አላየሁም» አላልንም። ጫማዋ በጣም ጥርት ብላ ስለምትታየን፣ የቀረውም እንደዚያው የታየን መሰለን። ክፍተቱን እንደ መሰለን ሞላነው።

ክፍተት ከምን ይሞላል? አንዱ ከቃል ነው። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሙከራ በዚህ መስክ በጣም የታወቀው ነው። ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩና ፍጥነቱን ጠየቁ። የጥያቄው ግስ ብቻ ይለያያል። በአማርኛ ብናመጣው ለአንዱ «ሲጋጩ ምን ያህል ይፈጥኑ ነበር?»፣ ለሌላው «ሲላተሙና ሲደቃቀቁ ምን ያህል ይፈጥኑ ነበር?» እንደ ማለት ነው። ከባዱን ቃል የሰሙት በአማካይ በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ጨምረው ገመቱ። በሁለተኛው ሙከራቸው ደግሞ ከሳምንት በኋላ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል? ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት የለም። ቀለል ያለውን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች 7ቱ አይተናል አሉ። ከባዱን ከሰሙት 50 ግን 16ቱ። አንድ ቃል መስታወት ሰበረ።

አሁን ወደ ጨዋታችን። ሳትመለሱ መልሱልኝ። ከቃላቱ ውስጥ «ድንኳን» ነበረ? «ወንበር»ስ? «ሞት»ስ?

ድንኳን ነበረ። ወንበር አልነበረም። ሞትም አልነበረም። «ኧረ ነበረ!» ያላችሁ፣ አሁን ሂዱና እዩ። ብቻችሁን አይደላችሁም። ሮዲገርና ማክደርሞት በ1995 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲያስጠኑ፣ ያልተባለውን ቃል ሰዎች 40 በመቶ ያህል ጊዜ «ተብሏል» ብለው ጽፈውታል። ኋላ ብሬነርድና ባልደረቦቹ ዝርዝሩን በስሜት ለያይተው ሲሞክሩት ደግሞ፣ መጥፎ ስሜት የሚቀሰቅሱት ቃላት ስሜት አልባ ከሆኑት ይልቅ ብዙ ስህተት አመጡ። ምክንያቱን ሲያስረዱት፣ አንጎል ከነገሩ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ቃል በቃል የተባለውንና አጠቃላይ ጭብጡን። ሐዘን ሲገባ ጭብጡ ይጎላል፣ ቃሉ ይደበዝዛል። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ ስትወጡ ማን ምን እንዳለ ሳይሆን የቤቱ ጥላ ነው አብሯችሁ የሚወጣው። ከዚያ ጥላውን የሚመስል ነገር ሁሉ የተባለ ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ይህ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ትልቅ ነገር ሲደርስ እንዲህ አይሆንም» ሊለኝ ይችላል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የስነ ልቦና ተመራማሪው ኡልሪክ ናይሰርም ይህን ነበር ማወቅ የፈለገው። ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎች እንደያዘች ፈነዳች። ናይሰር በማግስቱ ጠዋት ለተማሪዎች ወረቀት አደለ። የት ሆናችሁ ሰማችሁ? ማን ነገራችሁ? ምን ታደርጉ ነበር? ወረቀቱ ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት ተኩል ግድም በኋላ ከተማሪዎቹ 44ቱ እንደገና ተጠየቁ። ሩብ ያህሉ በዋና ዋናዎቹ ነጥቦች አንድም አላገኙም። ቦታው ሌላ፣ ነጋሪው ሌላ። በአጠቃላይ ግን የተማሪዎቹ እርግጠኝነት ከፍተኛ ነበር። የገዛ እጅ ጽሑፋቸው ሲሰጣቸው እንኳ የመጀመሪያው ትዝታ አልተመለሰላቸውም። ይህን ሳነብ የእናቴ ፎቶ ፊቴ ድቅን አለ።

ሌላ ምሳሌ፣ ለእኛ የሚቀርብ። የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች የተመቱት በ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ዕለት ነው፤ መስከረም 1። የኛ ሰው የት እንደነበረ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል። አንድ ወዳጄ ገና ጠዋት ነው፣ ልጆቹ አበባየሆሽ እየዘፈኑ በር ላይ ቆመው፣ እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ ነው የሰማሁት ይለኛል። ጥርት ያለ ሥዕል ነው፤ የአደዩ ቢጫ ሳይቀር ይታየዋል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ግን ሕንፃውን የመታው በኒውዮርክ ጠዋት ቢሆንም በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ46 ነው። ወዳጄ ጠዋት ሊያየው አይችልም። ሁለት እውነተኛ ነገሮች፣ የበዓሉ ጠዋትና የዜናው ድንጋጤ፣ ተሰፍተው አንድ ልብስ ሆነዋል። (ነገርኩት። ለአንድ ሳምንት አኮረፈኝ።)

ቢያጽናናው፣ ጆርጅ ቡሽም ተሳስተዋል። ያን ዕለት ፍሎሪዳ ትምህርት ቤት ነበሩ። ኋላ ሲናገሩ፣ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የመጀመሪያው አውሮፕላን ሲመታ በቴሌቪዥን እንዳዩ ተናገሩ። የመጀመሪያው ምት በቀጥታ አልተላለፈም፤ ሊያዩት አይችሉም። ወዲያው የሴራ ወሬ ተነሣበት። ለእኔ ግን የሰው አንጎል ሥራውን ሲሠራ ነው የሚታየኝ።

ታላሪኮና ሩቢን በዚያው አደጋ ማግስት ተማሪዎችን ስለ አደጋውም፣ ስለ ሰሞኑ ተራ ገጠመኝም ጠየቁ። በሳምንታትና በወራት ልዩነት ሲደግሙት፣ የሁለቱም ዝርዝር እኩል ነው የተበላሸው። የተለያየው አንድ ነገር ነው። የአደጋውን ትዝታ ሰዎቹ ጥርት ብሎ ይታየናል፣ እርግጠኛ ነን አሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ ጥናት አንዱን ብቻ ያዝ ብባል ይህን እይዛለሁ። ስሜት ዋናውን ነገር ያጠብቃል፣ ዝርዝሩን ግን ያን ያህል አይጠብቅም፤ በእርግጠኝነታችን ላይ ግን ማኅተም ይመታል። ሌሎች አጥኚዎች ሰዎቹን አሥር ዓመት ሲከታተሏቸው ደግሞ መሳሳቱ በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት አለቀ። ከዚያ በኋላ ስህተቱ ረጋ። የተሳሳተውን ታሪክ ያንኑ ደጋግመው፣ ቃሉን ሳያጎድሉ ያወሩታል። ታሪኩ አለመለወጡ እውነትነቱን አያሳይም ማለት ነው።

ቀልዱ የሚያበቃው ፍርድ ቤት በር ላይ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ500 በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን፣ በምርኮ ሥልጠና ላይ ሳሉ፣ ያየ ነው። እያንዳንዱ በሁለት ሰዎች ተመረመረ፤ አንደኛው በኃይል፣ ሌላኛው በረጋ መንፈስ። በማግስቱ መርማሪህን ከተደረደሩት ሰዎች ለይ ሲባል፣ ረጋ ያለውን 62 በመቶ ያህሉ ለዩት። ፊት ለፊት ቆሞ ያስጨነቃቸውን ግን 30 በመቶው ብቻ። እነዚህ ለዚሁ የሚሠለጥኑ ሰዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ በስህተት ታስረው በዘረመል ምርመራ ነፃ ከወጡት ከ370 በላይ ሰዎች ውስጥ 69 በመቶ ያህሉ ላይ የዓይን ምስክር ስህተት አለበት። አብዛኞቹ ምስክሮች አልዋሹም። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ ብለው፣ እያለቀሱ፣ የተሳሳተ ሰው ጠቆሙ።

ታዲያ ይህን ይዞ የተጎዳን ሰው «ትዝታህ ውሸት ነው» ማለት ነውር ነው፣ ስህተትም ነው። እኛ አካባቢ የተኩስ ድምፅ የሚያውቅ ሰው ጥቂት አይደለም። ባልና ሚስት ስለ አንድ ሌሊት ሲያወሩ እሱ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው» ይላል፣ እሷ «ሊነጋ ሲል» ትላለች። ሰዓቱ ስለተለያየ ሌሊቱ አልነበረም አይባልም። ድንጋጤው የያዘው ተኩሱን ነው እንጂ ሰዓቱን አይደለም። ዝርዝር ላይ መምታታት የውሸት ምልክት ተደርጎ ሲወሰድ ሳይ ያናድደኛል። ዋናውና ዳር ዳሩ ለየብቻ መታየት አለባቸው።

ደስታም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ቦስተንና ኒውዮርክ በ2004 እ.ኤ.አ. ቤዝቦል ተጋጥመው ቦስተን ያልተጠበቀ ድል ሲያገኝ፣ ኬንሲንገርና ሻክተር የሁለቱንም ደጋፊዎች ትዝታ አነጻጸሩ። ትዝታቸው ብዙ የሚፋለስ፣ በራሳቸውም አብዝተው የሚተማመኑት ደስተኞቹ ሆነው ተገኙ። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያገኘ ጊዜ የት ነበራችሁ? እኔ ከማን ጋር እንደነበርኩ ልምልላችሁ እችላለሁ። ሦስት ጓደኞቼም ይምላሉ፤ ግን የአራታችን ዝርዝር አይገጥምም።

የዛሬ ስሜትም የትናንቱን ያቀልማል። የተፋታ ሰው አናግሩ። «ገና ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ልቤ አልወደደውም ነበር» ይላችኋል። የሠርጉን ቪዲዮ ብታዩት ጥርሱ አልተከደነም።

ወደ ጥምቀቱ ልመለስ። ሎፍተስና ፒክሬል በ1995 እ.ኤ.አ. ለ24 ሰዎች «ልጅ ሆነህ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተህ ነበር፤ ቤተሰብህ ነግሮናል» የሚል የፈጠራ ታሪክ ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅለው ሰጧቸው። ከአራቱ አንዱ ያህል ሙሉውን ወይም በከፊል «አስታወሰው»። እኔን ደግሞ ማንም አልሞከረብኝም፤ ቤታችን ራሱ ሞክሮብኛል። እናቴ እንደምትለው ያን ማታ እያለቀሱ ገቡ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ለመጣ ሁሉ ታሪኩ ከሥሩ ተወራ። እኔ በትኩሳት ተኝቼ እሰማለሁ። ፍርሃቱ የራሴ ነው፣ እናቴ ስታለቅስ ያየሁት ነው። ሥዕሉን ከወሬው ሠራሁት። ከዚያ በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ታሪኩ ይሞቃል። ቀስ በቀስ የሰማሁት መሆኑ ተረሳ፣ የሆነብኝ መሰለኝ። አጥኚዎቹ የምንጭ መምታታት ይሉታል። ነገሩ ይታወሳል፣ ከየት እንደመጣ ግን ይጠፋል።

የጋቢው ሽታስ? ለእናቴ ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «የአባባ ጋቢ ነዋ» አለች። አያቴ ናቸው። ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ምድጃ ሞቀው፣ አልጋዬ ጫፍ እየመጡ ይቀመጡ ነበር። የትዝታዬ ግንበኛ ድንጋዩን ከሌላ ቤት ነው ያመጣው።

እኔ ከዚህ በኋላ የያዝኩት ልማድ ትንሽ ነው። ከበድ ያለ ነገር ካየሁ ከሌላ ሰው ጋር ሳላወራው ስልኬ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ያላየሁትንም «አላየሁም» ብዬ። ልጅ ስጠይቅ «መታህ እንዴ?» አልልም፤ «ምን ሆነ?» እላለሁና ዝም እላለሁ። ዝምታው ከባድ ነው፣ ልምምድ ይጠይቃል።

ያን ቀን በረካው ሲቀዳ የእህቴ ልጅ፣ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሙሉውን ክርክር ከጥግ ሆኖ ሲሰማ ነበር። ተነሥቶ ፎቶውን ከእጄ ወሰደ። እያገላበጠ አየው።

«እትዬ ስትጠፋ እኮ እኔም ነበርኩ» አለ። «ጎረምሳው ቀይ ሹራብ ነው የለበሰው።»

እህቴ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ያዝ አደረገችና «ቀይ ነበር እንዴ?» አለች።